ቅዱስ ላሊበላና የጌታ ልደት



የዛጔው ንጉሥ ቅዱስ ላሊበላ በሮሐ በታኅሣሥ 29 ቀን፣ በጌታችን የልደት ዕለት እንደ ተወለደ የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ያስተምረናል። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነግሦ፣ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት እንዳሳነጸም ይተረካል። ከተማዪቱ በኋላ በስሙ ብትጠራም፣ ከነቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ አማኑኤል መካከል በንጉሡ ስም የተሰየመ አንድም የለም። ዛሬም በዚያው ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ እያሉ የሚዘምሩት ለተወለደው ጌታ ነው።

እኛስ የተፍኪ ወጣቶች? ዶሮው ቢሠራ፣ የገና ጨዋታው ቢደምቅ መልካም ነው። ነገር ግን ሌሊቱን ሳናስቀድስ፣ ለተቸገረ ጎረቤት ሳናካፍል ከዋልን የማንን ልደት አከበርን? ንጉሡ ስሙን ከጌታው ስም በታች አኖረ፤ እኛም ድግሳችንን ከልደቱ በታች እናኑር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።