የልዕልት ፀሐይ ድርሻ

አዲስ አበባ ሄዳችሁ «ጦር ኃይሎች» የሚባለውን ሠፈር የምታውቁት አባላት ትኖራላችሁ። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከሆስፒታሉ ነው። ሆስፒታሉ ግን ሲከፈት መጠሪያው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ነበር። እኚህ ሴት ማን እንደነበሩ ዛሬ ብዙ ሰው አይጠይቅም። የእኛን መንገድም ያውቁት ስለነበር ታሪካቸው ለጋዜጣችን ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸው የአምባሰሏ ተወላጅ እቴጌ መነን ናቸው። ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ የአዲስ አበባ ሴቶች በእቴጌይቱ የበላይ ጠባቂነት የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋሙ። ፋሻ ያዘጋጁ፣ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ይሰፉ ነበር። ልዕልቲቱም ገና በ16 ዓመታቸው አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። እንግዲህ ሴቶች ተደራጅተው ለአገር ችግር እጃቸውን ማዋጣት ከጀመሩ ቆይተዋል ማለት ነው፤ እርዳታ ሰጪ ድርጅት ያመጣው ነገር አይደለም።

በ1928 ዓ.ም. ቤተሰቡ ተሰደደ። እንግሊዝ አገር ሲደርሱ ልዕልቲቱ አባታቸውን በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ቀጥሎ ያደረጉት ነው እኔን የሚገርመኝ። ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በነርስ ተማሪነት ገቡ። ነርስ ተማሪ አልጋ ታነጥፋለች፣ የታመመ ሕፃን ታጥባለች፣ የሌሊት ተራ ትገባለች። የንጉሥ ልጅ ናቸውና ለአንድ ማኅበር የክብር ፕሬዚዳንት ሆነው ስማቸውን ቢያውሱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን ሦስት ዓመት ተምረው በ1931 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ከዚያም ጋይስ በተባለው ሆስፒታል ሠሩ።

አገር ነፃ ስትወጣ ተመልሰው ደሴ ሆስፒታል በነርስነት ማገልገል ጀመሩ። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያደርሰው መንገድ ያን ጊዜም ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ የሚሄደው ነው። ዋሻውን ጣሊያን ከጥቂት ዓመታት በፊት ነበር የፈለፈለው።

ሚያዝያ 1934 ዓ.ም. አቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው የወለጋ ገዥ ሆነው ስለተሾሙ አብረው ነቀምት ወረዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር። የተቀበሩት አዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ነው።

እኅቶቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የሠለጠኑ ነርስ ነበሩ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ነበሩ፤ ያም ሆኖ በወሊድ ሞቱ። ነቀምት ላይ የጎደለው ነገር በአንዲት ሴት እውቀት ወይም በአንድ ቤት ሀብት የሚሞላ አልነበረም። ከቆላው ቀበሌ በቃሬዛ ተይዛ እስከ አስፋልቱ ስትወጣ የምትጨነቅ ወላድ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም።

ከሞታቸው በኋላ ለንደን ላይ የመታሰቢያ ሆስፒታል ማሠሪያ ገንዘብ ማሰባሰብ ተጀመረ። ዋናዋ አስተባባሪ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበሩ፤ ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ የታሰሩት፣ በኋላም ለኢትዮጵያ ነፃነት ጋዜጣ ያሳተሙት። ስለ ገንዘቡ በጋዜጣቸው ጻፉ፣ ባዛር አዘጋጁ፣ ደጅ ጠኑ። ዘመኑ እንግሊዝ ራሷ በቦምብ የተደበደበችበትና ምግብ በራሽን የሚታደልበት ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ የዚያን ዘመን መዝገብ አንዴ ባገላብጠው እመኛለሁ። ጥቂት ጥቂቱን እያጠራቀመ ሆስፒታል የሚያህል ነገር ለማሠራት የሚነሣ ሰው ደረሰኝ በመቁረጥ አይሰለችም።

ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው። የነርስ ትምህርት ቤትም ነበረው፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ልዕልቲቱ ባሕር ማዶ የተማሩትን ሙያ እዚሁ አገራቸው ተማሩበት። ሲልቪያም በኋላ ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ፤ ሲያርፉ ከአርበኞቹ ጋር በቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ።