ንጉሥ ሚካኤልና የደሴ ገበያ

በደሴ ፒያሳ ስናልፍ የከተማዪቱን ባለውለታ ንጉሥ ሚካኤልን እናስባለን። ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት የወሎ መስፍን በ1870 ዓ.ም. ክርስትና ተነሡ፤ ደሴንም መዲናቸው አድርገው አይጠየፍን አሠሩ። ሲራራ ነጋዴው የአፋርን ጨውና የባሕር ማዶን ጨርቅ በባቲ በኩል ያመጣ ነበር። እሳቸው በ1906 ዓ.ም. ነገሡ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ተመትተው ተማረኩ፤ በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

ንጉሡ ቢያልፉም ገበያው ኖረ። በ1990 ዓ.ም. ግን በጦርነት ምክንያት የአሰብ መንገድ ሲዘጋ፥ ደሴንና ኮምቦልቻን ያቋርጥ የነበረው የወደብ ጭነት ቀረ።

የውጭ ንግድ ቢቀንስ የአገር ሸማ ይከበራል የሚሉ አሉ፤ ከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ለሸማኔውም ገዢ የሚመጣለት በመንገድ ነው። ስለዚህ ንግድ ሲዳከም፥ ጥቅሙ ለጥቂቶች፥ ጉዳቱ ለከተማው ሁሉ ነው እንላለን።