የጦቢያ ደራሲ

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከእኛ ከይፋግ በጣና ማዶ በምትገኘው በዘጌ በ1860 ዓ.ም. ተወለዱ። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ወደ ኢጣሊያ ስለ ላኳቸው በቶሪኖ ከተማ የሥዕል ጥበብ ተማሩ፤ ኋላም በናፖሊ አማርኛ አስተማሩ። በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት ጦቢያ የተባለው ታሪክ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ጦርነት አንድ ቤተ ሰብ ይበትናል። አባት ይማረካል፤ ልጁ ዋሕድ የአባቱን ዕዳ ለመክፈል ወጥቶ በባርነት ይያዛል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ትፈልገዋለች። በመጨረሻ ተለያይተው የነበሩት ይገናኛሉ፤ የአረማውያኑም ንጉሥ ክርስትና ተነሥቶ ጦቢያን ያገባል። ጠላትነቱ በፍቅር ይሻራል።

የደራሲው ዕድል ግን እንዲህ አልሆነም። በዓድዋ ጦርነት ጊዜ ከኢጣሊያ ወገን ቆሙ፤ ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲይዝም አገለገሉት። ከነፃነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው በ1940 ዓ.ም. ዐረፉ።

ውድ አንባብያን ሆይ! ስለ መጽሐፋቸው ብለን ጥፋታቸውን አንሸፍን፤ ስለ ጥፋታቸውም ብለን መጽሐፋቸውን አንጣል። ትምህርት ብቻውን ሰውን እንደማያጸና ከሕይወታቸው፣ የተበተነ ወገን እንደሚሰበሰብ ግን ከብዕራቸው እንማር።