ከእሳት በኋላ የቀጠለ ሳቅ፦ የጆርጅ ቲልዩ ሕይወት

አሜሪካዊው ጆርጅ ቲልዩ እ.ኤ.አ. በ1862 በኒው ዮርክ ተወለደ። ያደገው ወላጆቹ የባሕር ዳርቻ እንግዶችን በሚያስተናግዱባት በኮኒ አይላንድ ነው። በ1893 በጫጉላ ሽርሽሩ ወቅት በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ሰዎችን አሳፍሮ የሚሽከረከር ግዙፍ መንኮራኩር አየ። ሊገዛው ፈልጎ ስላልተሳካለት አነስ ያለ አሠርቶ በኮኒ አይላንድ ተከለ።

በ1897 ስቲፕልቼዝ የተባለውን የመዝናኛ ፓርክ ከፈተ። እንግዶች በሐዲድ ላይ በሚንሸራተቱ የእንጨት ፈረሶች ይሽቀዳደሙበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተፎካካሪዎች ተነሡ። በእርሱ ፓርክ ወደ ጨረቃ የሚያደርስ የሚመስል ትርኢት ያሳዩ የነበሩት ቶምፕሰንና ደንዲ ተለይተውት በ1903 ሉና ፓርክን ከፈቱ፤ በሩብ ሚሊዮን አምፖሎችም ሌሊቱን ቀን አስመሰሉት። በቀጣዩ ዓመት ነጫጭ ሕንፃዎች ያሉት ድሪምላንድ ተከተለ። ሁለቱ በብርሃንና በግርማ ያስደምሙ ነበር። በቲልዩ ፓርክ ግን ትርኢቱ እንግዳው ራሱ ነበር፤ ተንሸራትቶ የወደቀው ተነሥቶ ቀጥሎ በሚወድቀው ይስቃል።

በ1907 ፓርኩ በእሳት ወደመ። ቲልዩ በማግሥቱ ፍርስራሹን ማየት ለሚሻ መግቢያው 10 ሳንቲም መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰቀለ። ከዚያም ከብረትና ከመስታወት በተሠራ ሰፊ አዳራሽ ፓርኩን መልሶ አቋቋመ።

ድሪምላንድ በ1911 ተቃጥሎ ዳግም አልተገነባም። ቲልዩ በ1914 አረፈ። ሉና ፓርክም በ1944 ከደረሰበት ቃጠሎ አላገገመም። ስቲፕልቼዝ ግን በቤተሰቡ እጅ እስከ 1964 ድረስ እንግዶቹን ሲያስቅ ቆየ።