አፉን ዘግይቶ የፈታው ቮልታ

ባትሪን ለዓለም ያበረከተው አሌሳንድሮ ቮልታ አራት ዓመት እስኪሞላው አፉን አልፈታም ነበር ይባላል። ቤተሰቡም ዲዳ ሆኖ ሊቀር ነው ብሎ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር ይተረካል። ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ደብረ ሲናን አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው አገርም ልጅ ሳይናገር ሲቀር ዘመድ ጎረቤት እናቲቱን የሚያጽናናት እንዲህ ባለ ታሪክ ነው፤ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው፣ ታገሺ ትባላለች። የዚያ አገር ልጅ ነኝና ይህን ማጽናኛ እየሰማሁ አድጌያለሁ። እንድጠራጠረው ያደረገኝ ቮልታ ራሱ ነው።

ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1745 በሰሜን ኢጣሊያ በኮሞ ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ አጎቶቹ ሕግ እንዲማር ፈለጉ፤ እሱ ግን ልቡ ወደ ኤሌክትሪክ አዘነበለ። ከማጆሬ ሐይቅ ረግረግ የሚወጣውን ጋዝ ሰብስቦ ዛሬ ሜቴን የምንለውን ለየ፤ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲም ለረጅም ዓመታት ፊዚክስ አስተማረ።

ዝናውን ያገነነው ከአገሩ ልጅ ከሉዊጂ ጋልቫኒ ጋር የገጠመው ሙግት ነው። ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር ብረት ሲነካው የሚወራጨው በእንስሳው ውስጥ ኤሌክትሪክ ስላለ ነው አለ። ቮልታ ደግሞ ኤሌክትሪኩ የመነጨው ከተለያዩት ሁለት ብረቶች ነው ብሎ ሞገተ። ይህንንም ለማሳየት የብርና የዚንክ ክብ ዝርግ ብረቶችን፣ በጨው ውኃ የራሰ ካርቶን በመካከላቸው እያስገባ ደረደረ። የመጀመሪያው ባትሪ ይኸው ነው። (ነርቭ በኤሌክትሪክ እንደሚሠራ ዛሬ ስናውቅ፣ ጋልቫኒም ፈጽሞ አልተረታም።)

ማርች 20 ቀን 1800 ግኝቱን ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት በደብዳቤ አሳወቀ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የደብዳቤው ክፍል በራሱ ጆሮ ላይ ያደረገው ሙከራ ነው። በሁለቱም ጆሮዎቹ ብረት አስገብቶ ከድርድሩ ጫፎች ጋር አገናኛቸው። ጭንቅላቱ በድንገት ተናወጠ፤ ጥቂት ቆይቶም ወፍራም ነገር ሲፈላ፣ በእኛ ቤት ሽሮ ሲንተከተክ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ሰማ። አንጎልን ይጎዳል ብሎ ስለፈራ አልደገመውም። እኔ አልፈርድበትም።

በ1801 ድርድሩን ለናፖሊዮን አሳየ፤ በኋላም የቆንጽላ ሳይሆን የኮንት ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1827 አረፈ። ያቺ ሙከራ ወዴት እንደምትመራ ሳያውቅ ነው የሞተው።

በ1957 በፓሪስ ጁርኖ እና ኤይሪየስ የተባሉ ተመራማሪዎች መስማት በተሳነው ሰው የመስማት ነርቭ ላይ ኤሌክትሪክ አሳርፈው ድምፅ እንዲሰማው አደረጉ። በ1978 ደግሞ የሜልቦርኑ ፕሮፌሰር ግሬም ክላርክ፣ ኮክሊያ በሚባለው ቀንድ አውጣ መሰል የውስጥ ጆሮ ክፍል ብዙ ኤሌክትሮዶች ያሉት መሣሪያ ተከሉ። መሣሪያውን ወደ ገበያ ያወጣው ኒውክሊየስ የተባለ የአውስትራሊያ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ፔስሜከር የሚባለውን የልብ ምት ማስተካከያ በመሥራት የተካነ ነበርና፣ ኤሌክትሮኒክስን ከሰውነት ጨዋማ ፈሳሽ አሽጎ መጠበቅ ያውቅበታል። የቮልታን ባትሪ ያንቀሳቀሰው የጨው ውኃ እዚህ ጋ ጠላት መሆኑ ይገርመኛል። ከዚሁ ኩባንያ ኮክሊያር የተባለው ድርጅት ወጣ። ምርቱን የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1985 ለአዋቂዎች፣ በ1990 ደግሞ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ፈቀደ።

የዕድሜው ነገር ዋናው ጉዳይ ነው። አንጎል ቋንቋን የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ሳይሰማ የተወለደ ልጅ ዘግይቶ ቢተከልለት ጥቅሙ እጅግ ይቀንሳል። ቮልታ ይሰማ ስለነበር መዘግየቱ አልጎዳውም። የማይሰማ ልጅ ግን በትዕግሥት የሚያተርፈው የለም፤ መሣሪያው ባይገኝለት እንኳ የምልክት ቋንቋን በጊዜ መጀመር አለበት። ከማጅራት ገትር የተረፈ ልጅ ሲሆንማ ኮክሊያው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ስለሚችል፣ ጆሮው መመርመር ያለበት ከሆስፒታል ሳይወጣ ነው።