ዊልያም ኩፐር፤ ንጉሡ ያላዩት አቤቱታ

ሜልቦርን ዘመድ ያለው ኢትዮጵያዊ ፉትስክሬይ የሚባለውን ሰፈር በስም ሳያውቀው አይቀርም። የእንጀራ ቤቶቻችንና የቡናችን ሰፈር ነው። በባቡር ጣቢያው ላይ የተዘረጋው የእግረኞች ድልድይ የዊልያም ኩፐርን ስም ይዟል። ሰውየው በዚህ ሰፈር ቤት ተከራይተው የኖሩ አቦርጂን ሽማግሌ ናቸው።

ኩፐር በ1860 ግድም (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሙሬይና ጎልበርን ወንዞች በሚገናኙበት የዮርታ ዮርታ ሕዝብ ምድር ተወለዱ። የበግ ፀጉር ሸላች፣ ከብት ነጂ፣ ፈረስ ገሪ ሆነው ሠርተዋል። ማንበብና መጻፍን ያጠናከሩት በማሎጋ ሚሲዮን፣ ከሞሪሸስ በመጣው መምህር በቶማስ ጄምስ ዘንድ ነው። አንድ ልጃቸው ለአውስትራሊያ ዘምቶ በ1917 በጦር ሜዳ ወድቋል።

ወደ ከተማ ያወጣቸው የጡረታ ሕግ ነው። ለአቦርጂኖች በተከለለው በከመራገንጃ ሰፈር እስከኖሩ ድረስ የእርጅና ጡረታ አይከፈላቸውም ነበር። ስለዚህ ዕድሜያቸው ሰባን ካለፈ በኋላ፣ በ1933 ጓዛቸውን ሸክፈው ፉትስክሬይ ገቡ። ሕግ ለተማረ ሰው እዚህ ላይ የሚያስፈግግ ነገር አለ። በተከለለው ሰፈር አስተዳዳሪው ያጉረመረመበትን ሰው ማባረር ይችል ነበር፤ ከከተማ ግን ኩፐርን ማን ያባርራቸዋል? መንግሥት ጥቂት ሺሊንግ ለማትረፍ ሲል እስከ ዕለተ ሞታቸው የማያስተኛውን ተሟጋች በገዛ እጁ ለቀቀ።

ከተማው ግን የተበተኑ ሰዎች ከተማ ነበር። የቪክቶሪያ ግዛት የ1886 ሕግ ክልስ ያላቸውን አቦርጂኖች ከተከለሉት ሰፈሮች እንዲወጡ በማድረጉ ወንድምና እህት ተለያይቷል። ሥራ ፍለጋ ሜልቦርን የገባውም በየፋብሪካውና በየሰው ቤቱ ቀርቷል። ኩፐር እነዚህን ለቃቀሙ። ለፊትዝሮይ ክለብ እግር ኳስ የሚጫወተው የወንድም ልጅ ልጅ ያህል ዘመዳቸው ዳግ ኒኮልስ መጣ፤ በልጅነቷ ከእናቷ ተነጥቃ ለግርድና የተሰጠችው ማርጋሬት ታከር መጣች፤ ቢልና ኤሪክ ኦነስ መጡ። በ1930ዎቹ አጋማሽ የአውስትራሊያ አቦርጂኖች ሊግን አቆሙ፤ ኩፐርም ጸሐፊው ሆኑ። የማኅበሩ ሀብት የሽማግሌው ጡረታና ብዕር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ባዘጋጁት አቤቱታ ላይ 1,814 ፊርማ አሰባሰቡ። ዋናው ጥያቄ አቦርጂኖች በፓርላማ የሚወክላቸው ሰው እንዲኖር ነው። በ1937 ለመንግሥት ሲያስረክቡት ያ ንጉሥ ሞተው ልጃቸው ነግሠዋል። በ1938 መጀመሪያ ካቢኔው ለንጉሡ እንዳይላክ ወሰነ። ምክንያቱ ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድም የሚል ነበር። እውነት ነው፣ አንቀጽ 51 የፌዴራሉ መንግሥት በየግዛቱ ስላሉት አቦርጂኖች ሕግ እንዳያወጣ ይከለክል ነበር። ፖስታ እንዳይልክ ግን አይከለክልም! አንቀጹ የተሻሻለው በ1967 ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ የአቤቱታው ቅጂ ለንግሥት ኤልሳቤጥ የደረሰውም በ2014፣ በልጅ ልጃቸው በኩል ነው።

በዚያው በ1938 ጥር 26 ቀን፣ ነጮቹ የሰፈራቸውን 150ኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ የኩፐር ሊግና የሲድኒ አቦርጂኖች ማኅበር ሲድኒ ላይ ተሰብስበው ዕለቱን የሐዘን ቀን አሉት። ታኅሣሥ 6 ቀን ደግሞ ኩፐርና ጓዶቻቸው በሜልቦርን ወደሚገኘው የጀርመን ቆንስላ ሄዱ፤ በአይሁዶች ላይ የሚፈጸመውን ግፍ የሚቃወም ደብዳቤ ይዘው ነበር። ቆንስላው አልቀበልም አለ። አንቀጽ 127 ከአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር ያስወጣቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ ባሕር ማዶ ላለ ሕዝብ የጮኹት።

በየካቲት 1939 የከመራገንጃ ነዋሪዎች የአስተዳዳሪውን በደል በመቃወም ሰፈሩን ጥለው ሙሬይን ተሻገሩ። የሜልቦርኑ ሊግ ከጎናቸው ቆመ። ኩፐር በመጋቢት 1941 አረፉ፤ የተቀበሩትም ያው ከመራገንጃ ነው። ሰፈሩን ጥለው ከወጡት ብዙዎች ግን አልተመለሱም። ከፊሎቹ ወደ ሜልቦርን ዘልቀው ፊትዝሮይ ሠፈሩ፤ ፓስተር የሆነው ኒኮልስ በዚያ በጎር ጎዳና ቤተ ክርስቲያን ይሰብክላቸው ነበር። በ1957 በተመሠረተው የአቦርጂኖች ዕድገት ሊግም ውስጥ ኒኮልስ ዋነኛው ሰው ሆነ።