ከጄኔቫ አቤቱታ እስከ ጎጃም አቤቱታ

ስለ ሰው ልጅ እኩልነት በዓለም አደባባይ ከተናገሩት የአፍሪካ መሪዎች መካከል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቀደምቶቹ አንዱ ናቸው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ፤ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው የኢጣልያ ጦር አገራቸውን ወረረ።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የቆሙት እንደ አቤት ባይ ነው። በሕዝባቸው ላይ ስለ ዘነበው መርዝ ጋዝና ስለ ታናናሽ መንግሥታት መብት በአማርኛ ተናገሩ። ጉባኤው ሰማ፤ በሐምሌም በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ።

ጉባኤው የነፈጋቸውን ተስፋ የጎጃም ገጠር ጠብቆ አቆየላቸው። እነ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ የመሩት አርበኛ፣ ስንቅ ያቀበለውም ገበሬ፣ አምስቱን ዓመት ለጠላት አልተኙለትም። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ሲጓዙ፣ ዊንጌት የመራው አነስተኛ ጦርና አርበኞቹ የኢጣልያን ጦር ከቡሬ አስለቀቁት። ከቡሬ በደምበጫ መንገድ አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ከድል በኋላ ባርነትን የሚሽር አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በሕግ ፊት እኩል መሆንንና ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት የማለትን መብት ጻፈ። መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የቆዳ ቀለም ሰውን ከሰው እንዳይለይ ያሰሙት ንግግር ከአገራቸው ወሰን ርቆ ተሰማ።

ሆኖም ያ እኩልነት ሁሉን አላቀፈም። የጄኔቫው ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ተመሳሳይ ፆታ ባላቸው ሰዎች መካከል የሚደረገውን ግንኙነት፣ ፈቅደው ቢያደርጉትም እንኳ፣ ወንጀል አደረገው። እነዚህ ሰዎች ስማቸውን ሳይደብቁ አቤት የሚሉበት ደጅ አልነበራቸውም። ድንጋጌው ንጉሡንም ዘውዱንም አልፎ ኖሮ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ሆኖ ቀጠለ፤ በሙያው ያለ ሰው ይህን ሳያነሣ ስለ ዘመኑ ሕግ ማውጣት ቢያወሳ ጎዶሎ ነው።

አቤት ማለት የተፈቀደለትም ቢሆን አልተሰማም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ርስቱ የሚነጠቅ መሰለው። ሽማግሌዎቹን መርጦ አዲስ አበባ ላከ፤ ደጅ ጠኑ፣ የረባ መልስም አላገኙ። ቁጣው በሞጣና በቢቸና በረታ፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ወዳሉበት ወደ ዳሞት ምድርም ተዛመተ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ ከአውሮፕላንም ቦምብ አስጣለ። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት በጄኔቫ ከሰማይ ስለ ወረደው ሞት የከሰሱት ያው ንጉሥ ነበሩ። ኋላ ግን አገረ ገዢው ተነሡ፣ የተጠራቀመውም ግብር ተማረ። ይህ ምሕረት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ብዙ ደም ባልፈሰሰ ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ ነሐሴ 21 ቀን በዚያው ዓመት በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። ክስ አልተመሠረተባቸውም፤ ቃላቸውን የተቀበለ ችሎትም አልነበረም። አጽማቸው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።